እናትህስ የማን ልጅ ናት?

የጋሼ ኦይቻን ሞት የነገረኝ ሰው እየሳቀ ነበር።

ከዲምቱ በበቆሎ መኪና ላይ ተጭኖ የመጣ፣ ቅንድቡ ሳይቀር በአቧራ የቀላ ገበሬ ነው። ሶዶ ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ ከምጽፍባት ጠረጴዛ ፊት ቆመ፤ ባርኔጣውን አወለቀና «ጋሼ ኦይቻ ዐረፉ» አለኝ። ወዲያው ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ሊያለቅስ ነው ብዬ ብድግ አልኩ። እሱ ግን ፊቱን በባርኔጣው ሸፍኖ ትከሻው እስኪነቀነቅ ይስቃል።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ» አለ፣ ሳቁን ለመዋጥ እየታገለ። «ሊሞቱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው አንድ ጎረቤት ገብቶ ‹ስኳሩ ነው የጣለህ?› ቢላቸው፣ ‹ስኳሩማ እኔን ሲጠብቅ ሲጠብቅ ሰልችቶት ተኝቷል፤ አትቀስቅሱት። ይሄኛው ተራ የሳምባ ምች ነው› አሉ። ለአንተም ቃል ልከዋል። ‹ለዚያ ለገጣሚው ንገሩት፤ እናቶቼን እንዳይረሳ› ብለዋል።»

እኔም ሳቅሁ። ሳቄ መሀል ላይ ተሰበረና እንባ ሆነ፤ ከዚያ እንደገና ሳቅ ሆነ። በድንበር ተካስሳ ማመልከቻ የምታስጽፈው ሴትዮ ሁለታችንን እያፈራረቀች አየችንና «ሰው ሞተ ነው የምትሉት ወይስ ተወለደ?» ብላ ጠየቀች።

ጋሼ ኦይቻን ያወቅኋቸው በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው። ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ነበሩ። ሙያውን ኦቶና ሆስፒታል ተምረው፣ ከገበያው በላይ ዳሞታ ተራራን ፊት ለፊት በምታይ ባለ ሦስት ክፍል ክሊኒክ ይሠሩ ነበር። ቁመታቸው አጭር፣ ጆሯቸው ሰፊ፣ እርምጃቸው ፈጣን ነው። ሌላው ሰው ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ሲሰካ እሳቸው በካኪ ካፖርታቸው ኪስ የብርጭቆ ቱቦ ይሰካሉ። ከተማው «የሽንት ዳኛ» የሚል ስም አውጥቶላቸው ነበር። ስሙን ሲሰሙ አይቆጡም፤ ይልቁንም ጎምለል ይሉና «አዎ፣ ይግባኝ የለውም» ይላሉ።

ሥራቸውን ቆሞ ያየ አይረሳውም። ሰማያዊ ፈሳሽ ቱቦው ውስጥ ይጨምራሉ፤ ስምንት ጠብታ ሽንት ጠብ ጠብ ያደርጉበታል፤ ከዚያ ቱቦውን በእንጨት ቆንጣጭ ይዘው በአልኮል ኩራዝ ላይ እያወዛወዙ ያፈሉታል። ሽንቱ ስኳር ከሌለበት ፈሳሹ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። ጥቂት ካለበት አረንጓዴ፣ ሲጨምር ቢጫ፣ ሲበዛ ደግሞ እንደ ሸክላ ይቀላል። ጋሼ ኦይቻ ግን ለቀለሞቹ የራሳቸው ስም ነበራቸው። ሰማያዊው «ዳሞታ በጠዋት» ነው። አረንጓዴው «ያልደረሰ በቆሎ» ነው። ቀዩ የከተማችንን መንገድ አፈር ስለሚመስል «ሶዶ» ይሉታል። «ሶዶ ገብተሃል፤ እንኳን ደህና መጣህ! ተቀመጥ፣ ብዙ የምንነጋገረው አለን» ሲሉት በሽተኛው የሚደነግጥበት ጊዜ አያገኝም።

«ሽንት አይዋሽም፤ የሚዋሸው ባለቤቱ ነው» የሚለውም አባባል የሳቸው ነው።

በዚያ ክሊኒክ ማንም ሰው ምን አመመህ ተብሎ አይጀመርም። ኦቶና ሲማሩ አንድ ሐኪም፣ ይህ የስኳር በሽታ በዘር መስመር የሚመላለስ ነው፣ እናት ወይም አባት ወይም ወንድም ያለበት ሰው ከሌላው ይልቅ መጠንቀቅ አለበት ብሎ ነግሯቸው ነበር። ጋሼ ኦይቻ ይህን ሲሰሙ ደስታቸውን አልቻሉትም። ወላይታ ውስጥ ከዚህ የቀለለ ሥራ ምን አለ? እኛ እኮ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ከጤና ይስጥልኝ ቀጥሎ ጎሳውን፣ በእኛ አፍ ቆሞውን፣ የሚጠያየቅ ሕዝብ ነን። አባቶቹን እስከ ዘጠኝ ትውልድ የማይቆጥር ወንድ የለም።

«አባትህ?» ይላሉ።

«ጋሼ፣ እኔ ያመመኝ ጉልበቴ ነው።»

«ጉልበትህን ማን ሰጠህ? አባትህ። ቁጠር!»

በሽተኛው ይቆጥራል። ጋሼ ኦይቻ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ በየስሙ ላይ «በምን ሞተ? ውሃ ያበዛ ነበር? ሰውነቱ ከሳ?» እያሉ ይጠይቃሉ። አንዳች አይጽፉም። ሁሉም በጭንቅላታቸው ነው። የትኛው መንደር፣ የትኛው ቤት ጥማት፣ ስኳሩን እንዲያ ነው የምንለው፣ እንዳለበት እንደ ዳዊት በቃላቸው ይወጡታል። አንዱ ቢፈራ «ዘር አለ ማለት በሽታ አለ ማለት አይደለም» ይሉታል። «ደመና ሁሉ አይዘንብም። ደመና ያየ ገበሬ ግን አውድማ ላይ ያለውን እህል ያስገባል።»

እኔ የሄድኩት ወባ ይዞኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ትምህርት ቤት ያልሰጠኝን ግጥም ከመጽሐፍ ቁራጭና ከሰው አፍ እየለቀምኩ ራሴን የማስተምር፣ ሁለት መስመር ከገጠመልኝ ሦስት ሰፈር ዞሬ የማላርፍ ቅብጥብጥ ነበርኩ። ጋሼ ኦይቻ አባትህ በምን ሞተ ሲሉኝ፣ ብርዱ እያንቀጠቀጠኝ እንኳ አጋጣሚው አላመለጠኝም። ስለ አባቴ የገጠምኩትን አወረድኩላቸው፦

«አባቴ ወንዝ ጠጣ፣ ጥሙ ግን አልበረደ፤
ጉንዳን ብቻ አወቀ ምን እንደ ወረደ።»

እውነት ነው፤ አባቴ ከመሞቱ በፊት እንስራ ሙሉ ውሃ ቀን አያውለውም ነበር። ከጓሮ በሸናበት ቦታ ጉንዳን ይሰበሰብ ነበር፤ እኛ ምን እንደሆነ አናውቅም።

ጋሼ ኦይቻ ከወንበራቸው ተነሡ። «ድገምልኝ» አሉ። ደገምኩ። ጭናቸውን መቱ። «ሐኪሙ አንድ ሳምንት ሙሉ ያስተማረንን ይህ ወባ የያዘው ልጅ በሁለት መስመር ጨረሰው!» ብለው ለበሽተኛው ሁሉ አሰሙ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው «አንተም የእሱ ልጅ ነህ፤ ነገ በጠርሙስ ሽንትህን አምጣ» አሉኝ።

እሺ አልኩ። በነጋታው የወሰድኩላቸው አዲስ ግጥም ነው። በሌላውም ቀን እንደዚያው። «ግጥም አምጣ ስልህ ጠፍተህ ትሰነብታለህ» ይሉኝ ነበር፤ «ጠርሙስ አምጣ ስልህ ግን ግጥም ይዘህ ትሮጣለህ።» ፈርቼ እንደነበር አውቀዋል። አልገፉኝም፤ ሳይጠይቁኝም አላለፉም።

አሁን ወደ ጥፋታቸው ልምጣ። ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ ልደብቀው አልችልም።

እህቴ ማርታ በደሳ በምትባል ከተማ ላለ ጳውሎስ ለሚባል ወጣት ታጭታ ነበር። የጳውሎስ አባት አቶ ሳና የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ረጅም፣ ቃላቸውን እንደ እህል መዝነው የሚያወጡ ሰው። ሠርጉ በዘመን መለወጫችን፣ በጊፋታ ማግሥት ሊሆን ተቆርጧል። ልጆቹ ይዋደዳሉ። ማርታ ሰው ለጊፋታ ስለሚገዛው ሥጋ ሲያወራ እሷ የምታወራው ስለ ጳውሎስ ፊደል አጣጣል ነበር፤ ደብዳቤውን ለእኔ የምታስነብበኝ ፖስታውን ብቻ ነው።

ከጊፋታ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ጋሼ ኦይቻ ለክትባት ሥራ በደሳ ሄዱ። የገበያ ቀን ነው። ሰው ሲከባቸው አፋቸው የማይዘጋው ጋሼ ኦይቻ፣ እህል በሚመዘንበት ጥላ ሥር ቆመው ስለ ስኳር በሽታ ያስተምራሉ። ትምህርቱ እንዲጥም ብለው የኔን ሁለት መስመር አወረዱት። ሰዉ ሳቀ። «የማን ግጥም ነው?» ቢሏቸው፣ ሌላውን ለማመስገን የማይሰስቱት ሰውዬ፣ በኩራት ስሜን ከነአባቴ ጠሩት።

አቶ ሳና ከሚዛኑ ኋላ ቆመው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ሽማግሌዎች ከበደሳ መጡ። የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ቆመው «አቶ ሳና ልጃችንን ከጥማት ቤት አናጋባም ብለዋል» አሉና ሄዱ። እናቴ በር ላይ ቀረች። ማርታ ጓዳ ገባች።

ክሊኒኩ ስደርስ ጋሼ ኦይቻ አንዲት አሮጊት እያሳቁ ነበር። የሆነውን ነገርኳቸው። ጮኼባቸዋለሁ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ደረቀ። ኩራዙን እፍ ብለው አጠፉና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተከትለውኝ ወጡ።

ቤታችን ሲደርሱ አልገቡም። ደጅ፣ እንሰቱ ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ።

«በድዬሻለሁ እቴ» አሏት እናቴን። «ምላሴ ነው። የባልሽን ነገር አደባባይ አወጣሁት።»

እናቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየቻቸው። የምትሳደብ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን «አንተ ሰው፣ ያለ እናት ነው የተወለድከው?» አለቻቸው።

«እንዴት?»

«የባሌን አባቶች ዘጠኝ ድረስ ቆጥረህ ጥማት ያለበትን ፈልገሃል። እነዚህን ልጆች የወለድኩት እኔ። በእኔ በኩል ማንን ጠየቅህ? እናቴን? አያቴን? የእኔ እናት የማን ልጅ እንደሆነች ታውቃለህ? ይሄ ገጣሚ ነኝ ባይስ ያውቃል?»

ወደኔ ዞረች። አፌን ከፈትኩ። የአባቶቼን ስም በእንቅልፍ ልቤ እወጣዋለሁ። የእናቴን እናት ስም ግን አላውቀውም ነበር። አያቴ ነበር የምላት፤ ሌላ ስም ያላት አልመሰለኝም።

ጋሼ ኦይቻ አፈር ላይ በጣታቸው መስመር ያሰምሩ ጀመር። አንድ መስመር ወደ ላይ አወጡ፤ ያ አባት ነው። አጠገቡ ሌላ አወጡ። ከሁለቱ ሌሎች አራት ወጡ። ከአራቱ ስምንት። ግማሹን ሁሉ ሳይጠይቁት ኖረዋል።

በዚህ መሀል ማርታ ከጓዳ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ተሳልማቸው አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«ጋሼ» አለች ዝግ ብላ፣ «ከትናንት ጀምሮ ውሃ ሲጠማኝ ተደብቄ ነው የምጠጣ። ሰው እንዳይቆጥርብኝ።»

ጋሼ ኦይቻ አፈሩን ከካፖርታቸው አራግፈው ተነሡ። የማርታን ራስ ስመው «ውሃሽን በአደባባይ ትጠጫለሽ» ብለዋት ወጡ።

በነጋታው ዲምቱ ሄዱ። እናታቸው ዳሎቴ የዲምቱ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውን ሲወልዱ ስለሞቱ ያደጉት ሶዶ በአባታቸው ዘመዶች ነው። የእናታቸውን አገር አንድም ቀን ረግጠውት አያውቁም። ጨርቅ እንኳ፣ መቀነት እንኳ ከእናታቸው አልቀረላቸውም። ሲመለሱ ፍርድ ቤቱ ጋ መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

«ሦስት አክስቶች ነበሩኝ» አሉ። «ሦስቱም እንስራ አቅፈው ነው የሞቱት።»

«እርስዎስ ተመርምረዋል?»

«ልጄ፣ የአባቴ ወገን እስከ ዘጠነኛው ድረስ በእርጅና ነው የሞተው። ምን ብዬ እመረመራለሁ? ስንቱን ሰው ሶዶ ሳስገባ እኔ ከከተማ ውጭ ነኝ ብዬ ኖርኩ።» ጆሯቸውን ጎተት አደረጉ። «ነገ በደሳ እንሄዳለን። ጥፋቱ በአደባባይ ነው፤ ካሣውም በአደባባይ ነው።»

ሳጥናቸውን በትከሻቸው ተሸክመው፣ ግማሹን በእግር ግማሹን በእህል መኪና ሄድን። ሳጥኑ ውስጥ ኩራዙ፣ ቱቦዎቹና ሰማያዊው ጠርሙስ ይንኳኳሉ። መንገዱን ሁሉ ያዜማሉ። እኔ ስለ ማርታ እያሰብኩ ጥርሴን ነክሻለሁ፤ እሳቸው ሠርግ የተጠሩ ይመስላሉ።

አቶ ሳና ሽማግሌዎቻቸውን ሰብስበው ዋንዛ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ሴቶቹ ከቤቱ ውስጥ፣ ከመቃው ግድግዳ ኋላ ናቸው፤ አይታዩም፣ ይሰማሉ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አሉ አቶ ሳና። «ጥማት ያለበት ቤት ነው። አንተ ራስህ ነህ በገበያ የተናገርከው።»

«ተናግሬያለሁ፤ ውሸትም አይደለም» አሉ ጋሼ ኦይቻ። «ግማሹን ብቻ ነው የተናገርኩት። ፍቀዱልኝና ሌላውን ግማሽ ልጠይቅ።» ከዚያ ወደ አንድ ነጭ ጢም ሽማግሌ ዞሩ። «አባቶችህን ቁጠርልኝ፣ ጎዳው።»

ጎዳው ማለት ጌታዬ እንደማለት ነው። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ አሥራ አንድ አባቶች ሳይተነፍሱ ወጧቸው።

«ተባረክ። እናትህስ የማን ልጅ ናት?»

«እናቴማ…» ሽማግሌው ከዘራቸውን አዩ። «የአባቷ ልጅ ናት።»

«እናቷስ?»

ከዘራው መሬት ጫረ። ከመቃው ኋላ አንዲት ሴት አላስችላት አለ፦ «የጠባኸው የአባትህን ጡት ነው እንዴ? ያቺን የመሰለች ሴት ስሟ ጠፋህ?»

ሳቅ ፈነዳ። ሴቲቱ ስሙን ከውስጥ ጮኻ ነገረቻቸው። ጋሼ ኦይቻ ወደ ሁለተኛው ዞሩ፤ ሁለተኛው ሳይጠየቁ ላብ አላባቸው። ወደ ሦስተኛው ሲዞሩ ሦስተኛው ሽማግሌ አንገታቸውን ወደ ግድግዳው አስረዝመው «እባካችሁ፣ የእኔ አያት ማን ነበረች?» ብለው ቀድመው ለመኑ። ከውስጥ ስሞች ይዘንባሉ። ስሞቹ ብቻ አይደሉም። «እሷ እኮ ናት ስታርም ጠምቷት የወደቀችው።» «ወንድሟስ? ያ ከስቶ ከስቶ የሞተው!» «የእሱም እግር ቁስሉ አልድን ብሎት ነው።» በአንድ ሰዓት ውስጥ ከስድስት ሽማግሌ የአራቱ ቤት ጥማት ተገኘበት፤ ሁሉም በእናት በኩል።

አቶ ሳና ግን ከዘራቸውን አጥብቀው ይዘዋል። «በእኛ ቤት የለም» አሉ።

ያኔ ከውስጥ እስካሁን ያልተሰማ ድምፅ ተሰማ። ቀጭን ነው፤ ሁሉንም ጸጥ አሰኘ። የአቶ ሳና እናት፣ እማማ ባላሜ ናቸው።

«ሳና።»

«አቤት እማዬ።»

«ወንድሜን ረሳኸው? ትከሻው ላይ ተሸክሞ ያሳደገህን? ሌሊት ሌሊት ምንጭ ድረስ እየሄደ ተደፍቶ ሲጠጣ አንተ አልነበርክም ችቦ የያዝክለት?»

የአቶ ሳና ከዘራ ከእጃቸው ወደቀ። ረጅሙ ሰውዬ በአንድ ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኑ። «አጎቴ» አሉ። «እሱን እኮ እንደ… በሽታ አልቆጠርኩትም። አጎቴ ነው።»

«የዚያች ልጅም አባቷ ነው» አሉ እማማ ባላሜ።

ጋሼ ኦይቻ ሳጥናቸውን ከፈቱ። ኩራዙን ለኮሱ። «ማንም እንዳያፍር እኔ ልጀምር» አሉና ባዶ ጠርሙስ ይዘው ከእንሰቱ ኋላ ሄዱ። ተመልሰው ስምንት ጠብታ ቆጠሩ። ቱቦውን እሳቱ ላይ ሲያወዛውዙ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ከበቧቸው፤ ሴቶቹም ከግድግዳው ኋላ ወጥተው ከላያችን ተንጠራሩ።

ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ። ቢጫ ሆነ። ከዚያ ቀላ። የሶዶን መንገድ መሰለ።

ቱቦውን ወደ ብርሃኑ አነሡት። ለረጅም ጊዜ አዩት። እኔ ፊታቸውን ነበር የማየው፤ የሚወድቁ መስሎኝ ክንዳቸውን ያዝኩ። እሳቸው ግን ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ሰፋ፤ ወደ ሳቅ ተለወጠ።

«ሶዶ ገባሁ!» አሉ። «አያችሁት? ሃምሳ አምስት ዓመት ሙሉ ከእናቴ ምንም አልቀረልኝም ስል ኖርኩ። ለካ ቀርቶልኛል! ይኸው፣ ከደሜ ውስጥ ስትጠብቀኝ ነበር።» ቱቦውን ሳሙት። «እንኳን ደህና መጣሽ ዳሎቴ። ተቀመጪ፣ ብዙ የምንነጋገረው አለን።»

አንዲት ሴት እልል አለች። እልልታው ተቀጣጠለ። አቶ ሳና ጠርሙስ አነሡና ከእንሰቱ ኋላ ሄዱ።

የሳቸው «ያልደረሰ በቆሎ» ሆነ። ጋሼ ኦይቻ አቀፏቸው፤ አጭሩ ሰውዬ ግንባራቸው የሚደርሰው የረጅሙ ሰውዬ ደረት ላይ ነው። «ገና አረንጓዴ ነህ፤ በጊዜ ደርሰንበታል። ጠጁን ተው፣ ሸንኮራውን ተው፣ በበቅሎ የምትሄደውን በእግርህ ሂድ። ኦቶና ሄደህ ሐኪም ይይህ።» ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተሰለፉ። ኩራዙ አልኮል እስኪጨርስ ሠራን። ሌሎቹ ሁሉ ዳሞታ በጠዋት ነበሩ፤ ሰማያዊ በወጣ ቁጥር ይጨበጨባል።

ስንነሣ አቶ ሳና ወደኔ መጡ። ቃላቸውን መዘኑ።

«ለእናትህ ንገራት» አሉ። «ልጇን እንወስዳለን። ለልጅቷ ደግሞ ይህን ንገራት፤ በእኔ ቤት ሰው ውሃ ሲጠጣ አይቆጠርበትም።»

ማርታ ይህን ስነግራት ከእንስራው በጣሳ ቀድታ፣ ደጅ ወጥታ፣ መንገደኛው እያየ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣች።

ሠርጉ በጊፋታ ማግሥት ሆነ። ጋሼ ኦይቻ ሲጨፍሩ ካፖርታቸው ኪስ ያለው ቱቦ እንዳይሰበር በአንድ እጃቸው ደረታቸውን ይዘው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የበደሳ ጎረምሶች በየሠርጉ ደረታቸውን ይዘው የሚጨፍሩት ከሳቸው የተማሩት ነው። ማርታንም ከሠርጉ በፊት መርምረዋት ነበር። ሰማያዊ ነች። «ዛሬ ሰማያዊ ነሽ፤ የነገውን አላውቅም» አሏት። «በየዓመቱ ጊፋታ ሲመጣ ጠርሙስሽን ይዘሽ ትመጫለሽ። እኔ ደግሞ ምርቃት ይዤ እጠብቅሻለሁ።» ሳታስታጉል መጣች፤ መጀመሪያ ብቻዋን፣ በኋላ ልጅ አዝላ።

ጋሼ ኦይቻ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖሩ። ኪኒናቸውን ይውጣሉ፤ ጠዋት ጠዋት ዳሞታ ወገብ ድረስ ወጥተው ይመለሳሉ። ስኳር ድንች ከአንድ በላይ አይበሉም፤ አንዷንም ሲበሉ ለሁለተኛዋ የስንብት ንግግር ያደርጋሉ። ክሊኒክ የመጣውን ሁሉ ከአባቱ በፊት እናቱን ይጠይቃሉ። ወንዶች ለዚሁ ብለው ቤታቸው ሴት አያቶቻቸውን እየጠየቁ ተዘጋጅተው ይመጡ ጀመር፤ ለፈተና እንደሚያጠና ተማሪ ደጃፉ ላይ ስም ሲያነበንቡ ይሰማል። ጡረታ ሲወጡ ጓዛቸውን ጠቅልለው ዲምቱ፣ እናታቸው አገር ገቡ። ሲሰናበቱኝ «የእኔ ለቅሶ ላይ አባቶቼን የሚቆጥር አይጠፋም» አሉኝ። «እናቶቼን ያንተ አፍ ይቁጠርልኝ። ጠርሙስህንስ?»

«ግጥም አለኝ» አልኳቸው።

«አንተ ፈሪ» አሉኝ፤ ግንባሬን ሳሙኝ።

ቀብራቸው ላይ ፈረሰኞች ሜዳውን ዞሩ፤ መዝሙር ተዘመረ፤ አንድ ሽማግሌ ቆመው ዘጠኙን አባቶች ቆጠሩ። ተራዬ ሲደርስ ግጥሜን ከኪሴ አወጣሁ። «የዳሎቴ ልጅ» ብዬ ጀመርኩ። «የማዳሜ የልጅ ልጅ» አልኩ። ሦስተኛዋን ጠራሁ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም ነበር፤ ግጥሜም እዚያ ላይ ያልቃል። ወረቀቴን አጠፍኩ። ያኔ ከሴቶቹ መሀል አንዲት አሮጊት አራተኛዋን ጠራች። ሌላዋ አምስተኛዋን። ስሞቹ ከአንዷ አፍ ወደ ሌላዋ እየዘለሉ ሄዱ፤ እኔ እስካሁን ያልጻፍኩት ምርጥ ግጥም እሱ ነው። በየስሙ መሀልም «እሷን ጥም ገደላት»፣ «እሷ ግን እስከ እርጅናዋ ደህና ነበረች» እየተባለ፣ ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ይተያዩ ጀመር።

በሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ ሄድኩ። በጋሼ ኦይቻ ወንበር አሁን ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ድሬሰር ተቀምጧል። በሩ ላይ ቆሞ ደጁን እያየ ግራ ገብቶታል። ከገበያው ጥግ እስከ ክሊኒኩ ደረጃ ድረስ ሰው ተሰልፏል፤ አሮጊቶች፣ ጎልማሶች፣ ሕፃን ያዘሉ ሴቶች፤ ሁሉም በእጃቸው ጠርሙስ ይዘዋል። ከዲምቱ በእህል መኪና ነው የመጡት።

«ይህ ሁሉ ሰው ምን አሞት ነው?» አለ ወጣቱ።

ፊት ያለችው አሮጊት፣ ያች አራተኛዋን ስም የጠራችው፣ ጠርሙሷን ወደ ብርሃኑ አንሥታ አየችው።

«ምንም አላመመንም» አለችው። «የኦይቻ እናት ወገኖች ነን።»

ወጣቱ ኩራዙን ለኮሰ። እኔም ከኪሴ ጠርሙሴን አወጣሁና ከሰልፉ ጫፍ ቆምኩ። በዚያን ቀን ግጥም አልያዝኩም ነበር።